“እጮኛዬን ሞተር ሳይክል ነጠቀኝ”

ወደዚህ አምድ የሚመጣው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ “ሌላ ሴት ነጠቀችኝ” ወይም “የልብ ጓደኛዬ ከዳኝ” የሚል ነው። የዛሬዋ ጠያቂዬ ባላንጣ ግን ሰው አይደለችም። ሁለት ጎማ፣ አንድ ሰልባቲዮና 883 ሲሲ ሞተር ያላት ሃርሊ ዴቪድሰን ናት!

ጠያቂዬ የ26 ዓመት ወጣት ስትሆን የምትኖረው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። እጮኛዋ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው ያለው። ቀለበት ካሰሩ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ዜግነቱን አግኝቷል፤ ሥራም አለው፣ ማታ ማታ ይነዳል። እንዲህ ትላለች፦

“ወንድሜ፣ ‘ፕሮሰሱን መቼ ትጀምራለህ?’ ስለው ‘ትንሽ ገንዘብ ላጠራቅም’ ይለኛል። ግን በየወሩ የሞተሩን አዲስ ፎቶ ይልክልኛል። መጀመሪያ መሪው ተቀየረ። ከዚያ ማርሚታው። ከዚያ መብራቱ፣ ስፖኪዮው፣ የማላውቃቸው የሚያብረቀርቁ ነገሮች። እኔ ስለ ሞተር የማውቀው ነገር የለም። አንድ ነገር ግን አየሁ፤ ኮርቻው የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለእኔ ቦታ የለውም ማለት ነው? ሞተር ጋራዥ ሰርቻለሁ ብለህ ጽፈህ ስለነበር ፎቶዎቹን ልኬልሃለሁ። እውነቱን ንገረኝ።”

ፎቶዎቹ አስራ አንድ ናቸው። አይፈረድብኝና መጀመሪያ ሳያቸው ደብዳቤውን ረስቼ ሞተሩን ነው ያየሁት። አዎ፣ አስራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ሁለት ዓመት ያህል የሞተር ሳይክል ጋራዥ ረዳት ነበርኩ። ወደኛ የሚመጡት የእርዳታ ድርጅት ያማሃዎችና የመልእክተኛ ሞተሮች ነበሩ፤ ሃርሊን የማውቀው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ካላንደር ነው። ስለዚህ እንዳልሳሳት በጠያቂዬ ፈቃድ፣ ታርጋውን ሸፍኜና የማን እንደሆነ ሳልናገር፣ አብሮኝ ለሰራና ዛሬ ዳላስ ውስጥ የሞተር መካኒክ ለሆነ ጓደኛዬ ላኩለት። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል “አይረን 883 ናት፣ ታምራለች” የሚል ነበር። እሱም ደብዳቤውን ረሳ ማለት ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ክሩዘር ይባላል። መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ ከባድ፣ ለጥድፊያ ሳይሆን ለመንሸራሸር የተሰራ ነው። ይህቺኛዋ ብቻ ከ250 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። ክሩዘር ከሱቅ ሲወጣ አለቀ አይባልም፤ እንዲያውም ያኔ ነው የሚጀመረው። ሃርሊ ራሱ ሞተሩን ከሸጠ በኋላ በወፍራም ካታሎግ ዕቃ እየሸጠ ይኖራል። ከዚያ ውጭ ደግሞ ለዚሁ ብቻ የተቋቋሙ ስንትና ስንት ኩባንያዎች አሉ። አመሉ የቆየ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች ሞተራቸውን ለማቅለል ፓራፋንጎውን እየቆረጡ ይጥሉ ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ የፊቱን ሹካ የሚያስረዝሙት፣ መሪውን ሰማይ የሚያስነኩት መጡና “ቾፐር” ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው “ኢዚ ራይደር” ፊልም ይህን ለዓለም አሳየ። የፊልሙን ሞተሮች የሰሩት ቤን ሃርዲና ክሊፍ ቮግስ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፤ ከፖሊስ ጨረታ የተገዙ አሮጌ ሃርሊዎችን ነው እንደዚያ ያደረጓቸው። ስማቸው ግን በፊልሙ ላይ አልተጻፈም፤ ለብዙ ዓመታትም ማንም አላነሳቸው።

ወደ ፎቶዎቹ ልመለስ። ሁለተኛው ላይ መሪው ከፍ ብሏል። ይህን ፈረንጆቹ “የዝንጀሮ መስቀያ” ይሉታል፤ የያዘው ሰው ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ስለሚመስል ነው። የእጮኛዋ መካከለኛው ነው፣ ደረት አካባቢ የሚቀር። መሪው ራሱ ውድ አይደለም። ገንዘቡን የሚበላው መዘዙ ነው፤ መሪ ከፍ ሲል የፍሪሲዮኑ ካቦ አይደርስም፣ የነዳጁ ካቦ አይደርስም፣ የፊት ፍሬኑ የዘይት ቱቦ አይደርስም፣ የፍሬቻውና የመብራቱ ሽቦ አይደርስም። ሁሉም በረጅም መቀየር አለበት። አንዳንዱ ሰው ይህን ለማምለጥ የድሮውን ካቦ ወጥሮ ያስረዋል። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ሲያዞር ካቦው ይሳብና ሞተሩ በራሱ ነዳጅ ይወስዳል። የፍሬን ቱቦ ሲወጠር ደግሞ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም። እዚህ ላይ እጮኛዋ የሚመሰገን ነው፤ ካቦዎቹ አዲስና ረጅም ናቸው።

ማርሚታው ላይ ግን አላመሰግነውም። አራተኛው ፎቶ ላይ ሙሉው ቱቦ ተቀይሯል። በዚህ ስራ ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው ቫንስ ኤንድ ሃይንስ ነው፤ እንዲህ ያለ ሙሉ ቱቦ ከነማርሚታው ብዙውን ጊዜ ከ500 ዶላር ያልፋል። ስድስተኛው ፎቶ ላይ፣ ማለትም ከሁለት ወር በኋላ፣ ቱቦው ከሞተሩ በሚወጣበት በኩል ክሮሙ ሰማያዊ ሆኗል። ለጠያቂዬ ቀለም ይመስላታል። ጓደኛዬ ግን ወዲያው “ይሄማ ቱን አላስደረገውም!” አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርሚታው ሲከፈት ሞተሩ እንደልቡ ይተነፍሳል፣ ብዙ አየር ያልፋል። ነዳጁ ግን ፋብሪካው የለካለት ነው። አየር በዝቶ ነዳጅ ሲያንስ ሞተሩ ይግላል፣ ነዳጅ ሲለቁለት ከኋላ ጧ ጧ ይላል፣ ቱቦውም ይጠቁራል ወይም ይሰማያዊያል። በካርቡራቶር ዘመን ሺቦላ የምታህል የነዳጅ ቀዳዳ በመቀየር ይስተካከል ነበር። ይህቺ ሞተር ግን ነዳጇን የሚመጥነው ኮምፒዩተር ስለሆነ እሱ እንደገና መሞላት አለበት፤ ያ ደግሞ ሌላ መቶዎች ዶላር ነው። እጮኛዋ የሚታየውንና የሚሰማውን ገዝቶ፣ የማይታየውን ትቶታል ማለት ነው። ድምፁም ቢሆን በሕግ ያስጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ የተሰራ የመንገድ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ከ80 ዴሲቤል እንዳይበልጥ የአሜሪካ ፌደራል ደንብ ወስኗል። ቀጥ ያለ ክፍት ቱቦ ያን በቀላሉ ያልፈዋል። ማታ ሰርቶ ንጋት ላይ ሲመለስ ጎረቤቶቹ ምን ይሉት ይሆን?

ስለ ክሮሙ ብዙ አልልም። አይረን 883 እ.ኤ.አ. በ2009 ስትወጣ መለያዋ ጥቁረቷ ነበር፤ እስከ 2022 ስትሸጥም በዚሁ ነው የታወቀችው። በጥቁር ሞተር ላይ የክሮም ክዳን፣ የክሮም ስፖኪዮ፣ የክሮም ቡሎን ሳይቀር መደርደር፣ በእኔ ግምት፣ በጥቁር ሱፍ ላይ የወርቅ ሰንሰለት በአንገትም በእጅም በኪስም እንደማድረግ ነው። ግን የሰው ምርጫ ነው። እኔስ? የጋራዥ የመጀመሪያ ደሞዜን ክሮም ስፖኪዮ ገዝቼበታለሁ። ሞተር አልነበረኝም።

አሁን እህቴ ወደጠየቀችው ወደ ኮርቻው።

እህቴ፣ አንድ ነገር ይገባሻል። ያንን መቀመጫ እጮኛሽ አይደለም ለአንድ ሰው ያደረገው። አይረን 883 ከፋብሪካ ስትወጣ ባለ አንድ ሰው ኮርቻ ናት፤ የተሳፋሪ እግር ማሳረፊያም የላትም። ስለዚህ “እኔን አውጥቶ ጣለኝ” ብለሽ ያለቀስሽው ለቅሶ በከንቱ ነው። የሰራተኞቹ ጥፋት ነው፣ ሚልዋኪ ሄደሽ ክሰሻቸው።

ግን ጉዳዩ እዚህ አያበቃም። ባለ ሁለት ሰው ኮርቻ አለ፣ ይሸጣል። የተሳፋሪ እግር ማሳረፊያ ከነማያያዣው አለ፣ ይሸጣል። “ሲሲ ባር” የሚባል፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጀርባውን የሚያስደግፍበት ብረትም አለ። ሞተሩን መልኩን ያበላሸዋል እንዳይባል፣ ያለ ምንም ቁልፍ በአንድ ደቂቃ የሚነቀልና የሚመለስ ዓይነት አለው። በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት ሕጉም ቋሚ መቀመጫና የእግር ማሳረፊያ ለሌለው ተሳፋሪ መጫንን አይፈቅድም። አንድ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ገዝቶ የኋላውን ሾክ አብዞርበር ካልቀየረ፣ በተለይ ከ2016 በፊት የተሰራች ከሆነች፣ ሁለት ሰው ተቀምጦባት ጉድጓድ ስታገኝ ወገብ ትሰብራለች። በአስራ አንዱም ፎቶ ከእነዚህ አንዱም የለም። ከሞተሩ ፊት የሚታሰረው፣ ሞተር ሲወድቅ እግርን የሚያድነው መከላከያ ብረትም የለም። ለራሱም አላሰበም ማለት ነው።

ለእሱም ልሟገትለት። ሰው አገር ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ፣ ቀን መጋረጃ ዘግቶ የሚተኛ ልጅ ነው። ቪቴ ፈትቶ ቪቴ ሲያስር፣ እጁ የሰራውን ሲያይ ደስ ይለዋል። በየወሩ ፎቶ የሚልክልሽም ሌላ የሚያሳየው ሰው ስለሌለው ሊሆን ይችላል። ሊደብቅሽ ቢፈልግ ፎቶ አይልክም ነበር።

አሁን ግን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ምክንያቱም “ላጠራቅም” ያለው እሱ ነው። የእጮኛ ቪዛ የሚጀመርበት ማመልከቻ አይ-129ኤፍ ይባላል። ክፍያው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ከ535 ወደ 675 ዶላር ከፍ ብሏል፤ አመልካች ሁሉ ከመክፈሉ በፊት የወቅቱን ዋጋ ማየት አለበት። በኋላ የቪዛ፣ የሐኪምና የትኬት ወጪ አለ፣ አልዋሽሽም። ለመጀመር ግን የሚያስፈልገው የማርሚታው ዋጋ ነው።

ከገንዘቡ የበለጠ ያስደነገጠኝ ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር የጻፍሽው ነው። ለመጨረሻ ጊዜ አዲስ አበባ የመጣው ከአንድ ዓመት ከስምንት ወር በፊት ነው ብለሻል። ሕጉ፣ ለየት ያለ ምክንያት ካልቀረበ በስተቀር፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል ተገናኝታችሁ መሆን አለበት ይላል። አራት ወር ቀርቷችኋል። ካለፈ እንደገና መምጣት ሊኖርበት ነው፤ የትኬቱ ዋጋ ደግሞ ከስንት መሪና ከስንት መብራት ይበልጣል!

“ዕቃውን ሸጦ ይክፈል” እንዳትዪው። አንድ ሞተር ላይ የታሰረ ጌጥ ሲሸጥ የተገዛበትን አያወጣም፤ የሞተሩን ዋጋም ያን ያህል አይጨምርም። አንዳንድ ገዢማ “ማን ነካክቶታል?” ብሎ ይሸሻል። የፋብሪካውን ዕቃ ካርቶን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ነው የሚያተርፈው፤ እሱም ማርሚታውንና መሪውን ካልጣላቸው በጎ ነው። እዚህ ያላችሁ ባለሞተሮችም ይህን ልብ በሉ። አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም. ሞተር ሳይክል ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ሲከለከል፣ ጌጥ በጌጥ ያደረጓትን ሞተር በማይረባ ዋጋ የሸጡ ልጆች አውቃለሁ።

ለጠያቂዬ የነገርኳት ይህንን ነው፦ አትቆጪ፣ ስለ ፍቅር አታንሺ፣ “ከእኔና ከሞተሩ ምረጥ” የሚል ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቂው። አንደኛ፣ የተሳፋሪው ኮርቻ መቼ ይታሰራል? ሁለተኛ፣ ማመልከቻው በየትኛው ቀን ይገባል? ቀኑን በቁጥር ይንገርሽ።

ባለፈው ማክሰኞ ደወለችልኝ። ስቃ ነው የጀመረችው። ስለ ኮርቻው ስትጠይቀው “አንቺ እኮ ነሽ፣ ሞተሩን የገዛሁ ቀን ‘እኔ በነፍሴ ቆርጬ እዚህ ላይ አልቀመጥም’ ያልሽኝ!” አላት። ብላለች ለካ። ረስታው ነው። እሱ አልረሳም።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ስጠይቃት ግን ሳቋ ቆመ። የሁለት ዓመቱን ነገር አያውቅም ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት “ሃሎ፣ ሃሎ” አለች። ከዚያ “እስከ መጪው ዓርብ አስገባለሁ” አላት።

ይህ ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ሲገባ ገና ሐሙስ ነው። ሳምንት እንገናኝ፤ ቸር ሰንብቱ።