ጳጉሜን በነፃ

ቃሊቲ፣ አንድ ፋብሪካ አዲስ የመጣ ፈረንጅ መሐንዲስ «ነገ ሁለት ሰዓት እንገናኝ» ቢባል፣ ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ብቅ አለ። በአገሩ አቆጣጠር ልክ ሁለት ሰዓት ነዋ! ሳቅንበት።

ሰንበትበት ብሎ እሱ በተራው ጠየቀን፦

«ዓመታችሁ 13 ወር ነው አላችሁኝ። ደመወዝስ ስንቴ ነው?»

«12 ጊዜ።»

«ታዲያ አምስቱን ቀን በነፃ ነው የምትሠሩት?»

ሳቃችን ቀጥ አለ።

እውነቱን ነው ጎበዝ! ጳጉሜን የወር ደመወዝተኛው ይሠራል፣ ይበላል፣ ታክሲ ይሳፈራል፤ ደመወዝ ግን የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። የደመወዝ ነገር ከተነሳ አይቀር ይቺም ትነሳልን።

ቱሪስት ለዓመታት የጠራነው «የ13 ወር ፀሐይ» ብለን ነበር። ፀሐዩ 13 ከሆነ እንጀራው ስለምን 12 ሆነ?