መናገር ስለሚቸገሩ ልጆቻችን ከሐኪም ጋራ ሥር የቀረበ አቤቱታ

ለክቡራን የትምህርት፣ የጤናና የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊዎች
ሐረር

ጉዳዩ፦ መናገር ለሚቸገሩ ሰዎች የሚሰጠው የመግባቢያ መተግበሪያ ከተጠቃሚውና ከቤተሰቡ ጋር እንዲመረጥልን ስለመጠየቅ

እኛ አመልካቾች በሐኪም ጋራ ሥርና በጀጎል ውስጥ የምንኖር ወላጆችና አስታማሚዎች ነን። ከልጆቻችን መካከል በሴሬብራል ፓልሲ ምክንያት አፋቸው የማይታዘዝላቸው፣ ኦቲዝም ኖሮባቸው ቃል ያልወጣላቸው አሉ። ስትሮክ መትቷቸው ሐሳባቸው ሳይጠፋ አንደበታቸው የተያዘ አባቶችና እናቶችም አሉን። “ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል” ይባላል። እኛ የምናመለክተው ግን ስለ ሹመት አይደለም፤ የቱ ጋ እንዳመመው ለሐኪም መንገር ስላቃተው ልጅ፣ መልሱን እያወቀ እንዳላወቀ ስለተቆጠረ ተማሪ ነው።

በስልክ ወይም በታብሌት ላይ ሥዕል ወይም ፊደል ሲነካ ቃሉን በድምፅ የሚያወጡ መተግበሪያዎች ከተሠሩ ቆይተዋል። ጥቂቶቹ በልገሳ ደርሰውናል፤ ለሰጡን እግዜር ይስጥልን እንላለን። ቅሬታችን በአመራረጡና በአሰጣጡ ላይ ነው። በዝርዝር እንደሚከተለው እናቀርባለን።

1ኛ. ሳንጠየቅ ተመረጠልን። ታብሌቱ የተሰጠን መተግበሪያው ተጭኖበት ነው። የልጁ እጅ ምን ያህል እንደሚታዘዝ፣ ዓይኑ ምን ያህል እንደሚለይ አስቀድሞ ያየ የለም። ጣቱ ለሚንቀጠቀጥ ልጅ ገጹ በጥቃቅን ሥዕሎች ተሞልቶ ቀረበለት፤ ውሃ ሲፈልግ ኳስ ይነካል። በሥዕሎቹ መካከል ሳንድዊችና የበረዶ ሰው አሉ፤ እንጀራ፣ ሹሮ፣ ባጃጅ፣ ጀሪካንና መስጊድ የሉም። እንጨምር ብንል የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው አጠገባችን አልነበረም።

2ኛ. ቋንቋችን ተዘለለ። በእኛ ሰፈር ልጅ ከአያቱ ጋር በሐረሪ፣ ከጎረቤት ጋር በኦሮምኛ፣ ከሱቅ ጠባቂው ጋር በአማርኛ ወይም በሶማልኛ ይግባባል። መተግበሪያው ግን የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው። ቃሉን ብቻ ወደ አማርኛ መመለስም አይበቃም፤ “እኔ” እና “ጥማት” የሚሉትን ሥዕሎች በተራ የነካ ልጅ “ውሃ ጠማኝ” አይወጣለትም። ወንድሙን “ና”፣ እህቱን “ነይ”፣ አያቱን “ይምጡ” ማለት አለበት። በእንግሊዝኛ አንድ ቁልፍ የሚበቃው ለእኛ ሦስት ይፈልጋል። ያ ካልተሰናዳ በጨዋ ቤት ያደገ ልጅ አያቱን “ነይ” ብሎ እንዲጠራ እናስገድደዋለን።

3ኛ. “የምልክት ቋንቋ ይማር” ተብለን ተመለስን። የምልክት ቋንቋ መስማት ለተሳናቸው ወገኖቻችን ሙሉ ቋንቋ ነው፤ እናከብረዋለን። የእኛ ልጆች ግን ይሰማሉ፤ ከአፋቸው ጋር እጃቸውም የማይታዘዝላቸው ብዙ ናቸው።

4ኛ. “መሣሪያ ከለመደ መናገሩን ይተዋል” ተባልን። ይህ ስጋት ተጠንቶ መልስ ያገኘ ነው። ሚላር፣ ላይትና ሽሎሰር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ግምገማ፣ አስተማማኝ ማስረጃ ከተገኘባቸው 27 ሰዎች መካከል ንግግሩ የቀነሰበት አንድም አልነበረም፤ 89 በመቶ በሚሆኑት ላይ መሻሻል ታይቷል። ልጅ አንደበቱ እስኪፈታ በዝምታ እንዲጠብቅ መምከር ስለዚህ ተገቢ አይደለም።

5ኛ. መሣሪያው በክፍል ውስጥ እንደ ጌም ተቆጠረ። ልጁ ሲናገርበት “ትረብሻለህ” ተብሎ ተወሰደበት፣ ቁም ሣጥን ውስጥም ተቆለፈበት። ታብሌቱን መቀማት አፉን ማፈን መሆኑን ያስረዳልን ሰው አልተገኘም።

ክቡራን ሆይ፣ ይህን የምናመለክተው ሕግ ይዘን ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 21 አካል ጉዳተኞች ከመንግሥት አካላት ጋር ሲገናኙ በመረጡት የመግባቢያ ዘዴ እንዲጠቀሙ መቀበልንና ማመቻቸትን ያዛል፤ የንግግር አጋዥና አማራጭ ዘዴዎችንም በስም ይጠቅሳል። አንቀጽ 24 እነዚሁ ዘዴዎች በትምህርት ቤት እንዲሰጡ ይደነግጋል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 9(4) የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋቸዋል፤ በአንቀጽ 41(5) ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። “አቅም የለንም” እንደምትሉን ስለምናውቅ፣ የምንለምነው ከአቅም በላይ እንዳልሆነ ከዚህ በታች እናሳያለን።

ፕሮሎኮ ቱ ጎ የተባለው የታወቀ መተግበሪያ ወደ 250 ዶላር ያወጣል፤ የሚሠራውም በአፕል መሣሪያዎች ላይ ብቻ ነው። በአንጻሩ ሲቦርድን በነፃ መጀመር ይቻላል። ሌት ሚ ቶክ ደግሞ ነፃ ነው፤ በተራ የአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የሌት ሚ ቶክ ሥዕሎች የስፔኗ አራጎን ክልል መንግሥት አራሳክ በተባለ ማኅደር በነፃ የሚያቀርባቸው ናቸው። ሕንዶች አቫዝ የተባለውን መተግበሪያ በቼናይ ሠርተው በራሳቸው ቋንቋዎች አናግረውታል። በአማርኛ የሚያነቡ የኮምፒውተር ድምፆችም አሉ፤ ማይክሮሶፍት መቅደስና አመሀ የተባሉ የሴትና የወንድ ድምፆችን አውጥቷል። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ሲከፍቱ የተነሡት ከልጃቸው ችግር ነው፤ “አቡጊዳ ፎኔቲክስ” ያሉትን ዘዴም በፊደላችን ድምፆች ላይ መሥርተዋል። ከልጁና ከቋንቋው መነሣት እንደሚቻል እኚህ እናት አሳይተዋል።

ስለዚህ የሚከተሉት እንዲፈጸሙልን በታላቅ ትሕትና እናመለክታለን፦

ሀ. መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት የተጠቃሚው እይታ፣ መስማት፣ የእጅ አቅምና የመረዳት ደረጃ ቤተሰቡና መምህሩ ባሉበት ይታይ።

ለ. ቢያንስ ሁለት መተግበሪያዎች በውሰት ተሰጥተው በቤትና በክፍል ይሞከሩ፤ ሙከራው ከነፃዎቹ ይጀምር። የሚገዛው ከሙከራው በኋላ ይሁን።

ሐ. የሚመረጠው መተግበሪያ መብራትና ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ከተማ የሚሠራ ይሁን፤ ማለትም ያለ ኔትወርክ የሚናገር፣ ቃልና ፎቶ የሚጨመርበት፣ የሰው ድምፅ የሚቀዳበት፣ የቁልፎቹ መጠን የሚስተካከል፣ ስልኩ ቢበላሽ ቃላቱ ወደ ሌላ ስልክ የሚተላለፉ። ባትሪ ሲያልቅ የሚያገለግል የታተመ የሥዕል ሰሌዳም አብሮ ይሰጥ።

መ. በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በሶማልኛ የዕለት ተዕለት ቃላት ስብስብ አንድ ጊዜ ተዘጋጅቶ ለሁሉም በነፃ ይዳረስ። የወንድ ልጅ ቃል በወንድ ልጅ፣ የሴት ልጅ ቃል በሴት ልጅ ድምፅ ይቀዳ። ፎቶው ከገበያችንና ከቤታችን ይነሣ።

ሠ. መሣሪያው በክፍል፣ በፈተናና በሕክምና ጊዜ ከተጠቃሚው እንዳይወሰድ የጽሑፍ መመሪያ ይውጣ። በከተማችን ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ለመምህራንና ለወላጆች ሥልጠና እንዲሰጥ ይጠየቅልን።

ረ. መሣሪያው ከተሰጠ በኋላ የሚከታተልና የምንጠይቀው አንድ ባለሙያ በስሙ ይመደብልን።

እኛም ድርሻችንን እናውቃለን። ልጅ ንግግር የሚለምደው ሲነገርለት ሰምቶ ነው፤ በሥዕል መናገርንም የሚለምደው እኛ እየተናገርን ሥዕሉን ስንነካ አይቶ ነው። ይህን በየቤታችን እናደርጋለን። ቃላቱን በየቋንቋችን ለመልቀም፣ ድምፃችንን ለመቅዳት፣ ፎቶ ለማንሣት ያለ ክፍያ ቃል እንገባለን። ሥራው በጀት ካነሰው ከአንድ ትምህርት ቤትና ከአንድ ሰፈር ይጀመር፤ ከሐኪም ጋራ ሥር ቢጀመር ቤታችን ክፍት ነው።

የጠየቅነው ምጽዋት አይደለም። ልጆቻችን የሚናገሩበት መሣሪያ ሲመረጥ እነሱም እኛም እንድንኖርበት ነው። ለዚህ አቤቱታ መልሱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ከምክንያቱ ጋር እንዲሰጠን እናሳስባለን። መልስ ካጣን ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በሕግ በተፈቀደልን መንገድ አቤት እንላለን፤ እዚያ ሳንደርስ እዚሁ ሐረር ላይ እንደምትፈቱልን ግን ተስፋችን የጸና ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አመልካቾች፣ ከሐኪም ጋራ ሥርና ከጀጎል