ከመግቢያው ገጽ በኋላ፦ የሴሽን ማረጋገጫና የአስተዳደር ሰርቨር ተጠያቂነት

አንድ የድረ ገጽ አስተዳደር ሰርቨር የመግቢያ ገጽ ሲጨመርለት ደኅንነቱ እንደተጠበቀ ይቆጠራል። የተሳሳተ የይለፍ ቃል ያስገባው መመለሱ፣ ትክክለኛውን ያስገባው ማለፉ በሙከራው ምዕራፍ በሠንጠረዥ ይቀርብና ጉዳዩ ይዘጋል። ሆኖም ዋናው ጥያቄ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በአስተዳደር ሰርቨር ላይ የሴሽን ማረጋገጫ ትልቁ ፋይዳ ባዕድን ከበር መመለሱ ብቻ አይደለም፤ የገባው ሰው የሚፈጽመው እያንዳንዱ ድርጊት በአንድ ሰው ስም እንዲመዘገብ፣ የተሰጠውም ፈቃድ በተፈለገ ጊዜ ወዲያውኑ እንዲነሣ ማስቻሉ ነው። ይህን የማያደርግ መግቢያ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ግን አይታወቅም።

የመዝገብ ዋጋ

ይህ ጥያቄ በአዲስ አበባ ከቴክኒክ ክርክር ያለፈ ትርጉም አለው። በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ የሚገኘው የካ አባዶ በዕጣ ለነዋሪዎች ከተላለፉት ሰፋፊ የጋራ መኖሪያ ቤት ሳይቶች አንዱ ነው። ቤት ፈላጊው ይመዘገባል፣ በባንክ ይቆጥባል፣ ለዓመታት ይጠብቃል፤ ተስፋውም በመጨረሻ በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ በሚገኝ አንድ መስመር ላይ ያርፋል። ያ መስመር ቢጨመር፣ ቢሠረዝ ወይም ቢለወጥ የአንድ ቤተሰብ ዕጣ ፈንታ አብሮ ይለወጣል።

ይህ ሥጋት በሐሳብ ደረጃ ብቻ የቀረ አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 2014 በአዲስ አበባ የ14ኛው ዙር የ20/80 እና የ3ኛው ዙር የ40/60 ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ ለዕጣ የቀረቡት ቤቶች ከ25 ሺህ በላይ ነበሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ መስፈርቱን ያላሟሉ ሰዎች በዕጣው መካተታቸው ተገለጸ፤ የከተማ አስተዳደሩም ዕጣውን ሰረዘ። ከጉዳዩ ጋር በተያያዘ ተጠርጣሪዎች በቁጥጥር ሥር ዋሉ፤ ዕጣውም በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። የማንም ጥፋተኝነት የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ለሥርዓት ንድፍ የሚተርፈው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፦ እንዲህ ባለ መዝገብ ላይ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ማን ሰብሮ ገባ?» ሳይሆን «በሩ ከተከፈተላቸው መካከል መዝገቡን ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ፈቃድ ነካው?» የሚለው ነው። የመግቢያ ገጽ ብቻውን ይህን ሊመልስ አይችልም።

ሴሽን ምን ያደርጋል?

የድረ ገጽ መገናኛ ደንብ የሆነው ኤችቲቲፒ በባሕርዩ ትውስታ የለውም። ከብራውዘር የሚደርሰው እያንዳንዱ ጥያቄ ለሰርቨሩ እንግዳ ነው፤ ከአንድ ደቂቃ በፊት የይለፍ ቃሉን ያስገባው ያው ሰው መሆኑን በራሱ አያውቅም። ይህን ክፍተት ለመሙላት በ1994 እ.ኤ.አ. የኔትስኬፕ መሐንዲስ ሉ ሞንቱሊ ኩኪን ፈጠረ።

አሠራሩ በመሥሪያ ቤት በር ላይ ከሚታየው ልማድ ጋር ይመሳሰላል። ባለጉዳይ መታወቂያውን ለጥበቃው ያስረክብና ቁጥር ያለበት ባጅ ይቀበላል። በየቢሮው ሲዘዋወር የሚያሳየው ባጁን ነው፤ ባጁ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በጥበቃው መዝገብ ነው። ሴሽንም እንዲሁ ነው። የይለፍ ቃሉ አንድ ጊዜ ይረጋገጣል፤ ሰርቨሩ በዘፈቀደ የተፈጠረ ረጅም ቁጥር በኩኪ አማካይነት ለብራውዘሩ ይሰጣል፤ የቁጥሩን ባለቤት፣ የገባበትን ሰዓትና የፈቃዱን ወሰን ደግሞ በራሱ ሠንጠረዥ ይይዛል። ከሠንጠረዡ የተሠረዘ ባጅ ያን ጊዜውኑ ዋጋ ያጣል።

ከዚህ ቀለል ያለው አማራጭ፣ በብዙ የአስተዳደር ሰርቨሮች ላይ የሚታየው መሠረታዊ የኤችቲቲፒ ማረጋገጫ፣ የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር ይልካል። ቃሉ የሚለወጥበት ቤዝ64 የአጻጻፍ ለውጥ እንጂ ምስጠራ አይደለም፤ ከሥርዓቱ ለመውጣትም ደንቡ ያስቀመጠው መንገድ የለም። ባለጉዳዩ በየቢሮው በር ምሥጢሩን ጮክ ብሎ እንዲናገር እንደ መጠየቅ ነው።

ሌላው አማራጭ በ2015 እ.ኤ.አ. ደረጃው የወጣለት ጄደብሊውቲ የተባለው ቶከን ነው። ይህ ባጅ ሳይሆን ማኅተም ያረፈበትና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት የፈቃድ ደብዳቤ ነው፤ ማኅተሙን የሚያውቅ ሁሉ መዝገብ ሳያይ ያሳልፈዋል። በብዙ ሰርቨሮች ላይ ለተበተነ ሰፊ አገልግሎት ይህ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ደብዳቤው አንዴ ከተሰጠ ቀኑ እስኪያልፍ ይሠራል። ዛሬ ጠዋት ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ቶከን ከሰዓትም ያልፋል። ይህን ለመከላከል የተሠረዙ ቶከኖች ዝርዝር ሊያዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን የጥበቃው መዝገብ በሌላ ስም ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ጥቂት ሠራተኞች በአንድ ሰርቨር ለሚጠቀሙበት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም ማኅበር በሰርቨሩ ላይ የሚያዝ ሴሽን የተሻለ ምርጫ ነው።

ጥንቃቄው የሚፈተንባቸው ነጥቦች

ባጁ የሰውየው ምትክ ስለሆነ ባጁን የያዘ ሁሉ ሰውየው ነው። በጥቅምት 2010 እ.ኤ.አ. ኤሪክ በትለር የተባለ ፕሮግራመር ፋየርሺፕ የተሰኘ የፋየርፎክስ ተጨማሪ አቀረበ። መሣሪያው ክፍት በሆነ ዋይፋይ ላይ የሚያልፉ የሴሽን ኩኪዎችን እየያዘ በሌላ ሰው ስም ፌስቡክን የመሳሰሉ ድረ ገጾች ውስጥ ለመግባት አስቻለ። የይለፍ ቃሉ የሚላክበትን ገጽ ብቻ መመስጠር በቂ አለመሆኑ ለሁሉም ታየ። በመሆኑም የአስተዳደር ሰርቨር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በኤችቲቲፒኤስ መሥራት አለበት፤ ኩኪውም ባልተመሰጠረ መስመር እንዳይጓዝ፣ በገጹ ውስጥ ያለ ስክሪፕት እንዳያነበው፣ ከሌላ ድረ ገጽ በሚነሣ ጥያቄም ተከትሎ እንዳይሄድ በሴኪዩር፣ በኤችቲቲፒኦንሊ እና በሴምሳይት ምልክቶች ሊታጠር ይገባል።

ሁለተኛው ነጥብ ቁጥሩን ይመለከታል። የሴሽን ቁጥር ተከታታይ ወይም ከሰዓትና ከተጠቃሚ ስም የተቀመረ ከሆነ ሊገመት ይችላል፤ ስለዚህ ለምስጠራ ከተዘጋጀ የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ መውጣት አለበት። ከዚህም ሌላ ተጠቃሚው ከመግባቱ በፊት የነበረው ቁጥር ከገባ በኋላ መቀየር ይኖርበታል። ካልተቀየረ አጥቂው አስቀድሞ የሚያውቀውን ቁጥር ለሰለባው አሸክሞ እስኪገባ መጠበቅ ይበቃዋል።

ሦስተኛው ነጥብ ከአካባቢው ሁኔታ ጋር የተያያዘ ነው። መብራት በሚቋረጥበት ቦታ ሴሽንን በሰርቨሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ብቻ መያዝ ሁሉንም ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ያስወጣል፤ በዳታቤዝ ውስጥ መያዝ ይሻላል። ሴሽንን ከአይፒ አድራሻ ጋር ማሰርም ጠንካራ መከላከያ ቢመስልም፣ በሞባይል ኢንተርኔት የሚሠራ ሰው አድራሻው በተቀየረ ቁጥር ያለ ጥፋቱ ይባረራል፤ በአንድ የጋራ አድራሻ የሚወጡ ብዙ ሰዎች ደግሞ አይለዩም። የቆይታ ጊዜውም ሚዛን ይፈልጋል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለመካከለኛ የማረጋገጫ ደረጃ ከ30 ደቂቃ ዝምታ ወይም ከ12 ሰዓት ቆይታ በኋላ ዳግም ማረጋገጥን አስቀምጦ ነበር። ይህ ቁጥር እንዳለ የሚቀዳ ሳይሆን የሚመከርበት መነሻ ነው። ዕለታዊ ንባብን ረዘም ባለ ቆይታ ፈቅዶ፣ መዝገብ መሠረዝን ወይም ዝርዝር ማውጣትን የመሰለ ከባድ ድርጊት ሲመጣ የይለፍ ቃሉን ዳግም መጠየቅ ከሁለቱም ጽንፍ ያድናል።

ማኅተሙ በማን እጅ ነው?

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ቢሟሉ እንኳ አንድ ልማድ ዋጋ ያሳጣቸዋል፤ እርሱም በአንድ «አድሚን» ስምና በአንድ የይለፍ ቃል የብዙ ሰው መግባት ነው። በየካ አባዶ ያለ አንድ የቤት ባለቤቶች ማኅበር የአባላቱን ስም፣ የስልክ ቁጥርና የጋራ ወጪ ክፍያ የሚይዝ ሰርቨር አሠራ እንበል። እንዲህ ያሉ ማኅበራት የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ያቋቋማቸው ናቸው። ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በአንድ ስም የሚገቡ ከሆነ የአንድ አባል ክፍያ ከመዝገብ በጠፋ ዕለት ሴሽኑ የሚመሰክረው «አድሚን» መሠረዙን ብቻ ነው። ጥፋተኛው ይሰወራል፤ ንጹሑም ንጽሕናውን የሚያስረዳበት ማስረጃ ያጣል። ተጠያቂነት የሚጠብቀው ባለመዝገቡን ብቻ ሳይሆን ሐቀኛውን ሠራተኛም ጭምር መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

የአገሪቱ የቢሮ ባህል ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። ማኅተም የሚይዝ ሰው በስም ይታወቃል፤ ሲዛወር በርክክብ ያስረክባል፤ ማኅተሙን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ የሄደ ይጠየቃል። በወረቀት ዘመን ለማኅተም የተሰጠው ክብር በኮምፒዩተር ዘመን ለይለፍ ቃል ያልተሰጠበት ምክንያት የለም። ሕጉም ይህንኑ ያግዛል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ መግባትንም ያስቀጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የሚይዙ አካላት እንዲጠብቁት ግዴታ ይጥላል። ማን ምን ፈቃድ እንደነበረው የማይለይ ሥርዓት ግን ማን ከፈቃዱ እንዳለፈ ሊያሳይ አይችልም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች የአስተዳደር ገጹ ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ ክፍት ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም ይላሉ። ኔትወርኩን ማጠር መልካም ነው፤ ነገር ግን አጥሩ የሚያየው ውጭውን ነው፤ በፈቃድ የገባ ሰው የሚያደርሰውን ጥፋት አያይም። ሌሎች ደግሞ ሴሽን ብቻውን የተጭበረበረ ዝርዝርን አያስቆምም ይላሉ፤ ይህ እውነት ነው። በዳታቤዙ ላይ በቀጥታ የሚሠራ ሰው የመግቢያ ገጹን ጨርሶ ላያይ ይችላል። ስለዚህ የዳታቤዙ ፈቃድም በየሰው መለየት፣ የድርጊት መዝገቡም አስተዳዳሪው ራሱ ሊሠርዘው በማይችልበት ሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት። ሴሽን የዚህ ሰንሰለት አንድ ቀለበት ነው፤ ያለ እርሱ ግን ሌሎቹ የሚያያዙበት ስም አይኖርም።

ለድኅረ ምረቃ ሥራዎች የቀረበ ሐሳብ

የድረ ገጽ ሥርዓት ሠርቶ ለማመልከቻ የሚያቀርብ ተማሪ፣ የሚገመግመውም መምህር፣ ከተለመደው ሠንጠረዥ ባሻገር አምስት ጥያቄዎችን ቢፈትኑ መልካም ነው። ተጠቃሚው «ውጣ» ካለ በኋላ የቀድሞው ኩኪ ተመልሶ ቢላክ ይሠራል? የይለፍ ቃል ሲቀየር በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ክፍት የነበረው ሴሽን ይዘጋል? ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ በስንት ሰከንድ ውስጥ ከሥርዓቱ ይወጣል? ከመግባት በፊትና በኋላ ያለው የሴሽን ቁጥር ይለያያል? ካለፈው ወር መዝገብ አንድ ለውጥ በዘፈቀደ ቢመረጥ ያደረገውን ሰው በስሙ ማሳየት ይቻላል?

እነዚህን ለመፈተን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ብራውዘርና የአንድ ከሰዓት ጊዜ ይበቃሉ። ዛሬ በተማሪ እጅ የሚሠራው ሥርዓት ነገ የሰው ቤት፣ የሰው ቁጠባ፣ የሰው ስም ይያዝበታል። ለዓመታት የቆጠበ ሰው ስሙ ያለበትን መስመር ማን እንደነካው ሲጠይቅ ሥርዓቱ ስም ጠርቶ መመለስ ይኖርበታል።