«ምረጥ» የተባለችው ልጃገረድ

የጤና ትምህርትን በጨዋታ መልክ ለወጣቶች ማቅረብ እንደሚጠቅም የኬንያዋ ኪሱሙ አሳይታለች። ኤችአይቪን ስለ መከላከል የሚያስተምረው «ቱማይኒ» የተሰኘ የስልክ ጨዋታ (ቃሉ በስዋሂሊ ተስፋ ማለት ነው) እ.ኤ.አ. በ2017 ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 14 በሆኑ 60 ታዳጊዎች ላይ ተሞክሮ፣ የተጫወቱት ዕውቀታቸውም ከአደጋ ለመራቅ ያላቸው በራስ መተማመንም ጨምሮ ተገኝቷል። ንድፉም የአካባቢውን ወጣቶች ሐሳብ የጠየቀ ነበር።

የዚህ ዓይነት ሥራ ወደ አማርኛ ሲሻገር ግን ቋንቋው የሚታሰበው መቼ ነው? ሥዕሉ ተስሎ፣ ነጥቡ ተሰልቶ፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ! ያን ጊዜ ቃላቱ በሠንጠረዥ ተደርድረው፣ ማን ለማን እንደሚናገር ሳይገለጽ ለተርጓሚ ይላካሉ። እንግሊዝኛ «አንተ»ን ከ«አንቺ» አይለይም፤ ስዋሂሊም እንዲሁ። አማርኛ ግን ይለያል። ስለዚህ ስለ ወር አበባዋ የምትጠየቅ ልጃገረድ «ትክክለኛውን መልስ ምረጥ» ትባላለች፤ ስትስት ደግሞ «ተሳስተሃል»። ይህን የፊደል ግድፈት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ጨዋታው ሲሠራ እርሷ በማንም ሐሳብ ውስጥ እንዳልነበረች የሚመሰክር ነው።

አንዳንዶች «ይምረጡ» በማለት ያመልጣሉ። አክብሮቱ ባልከፋ፤ ነገር ግን ጓደኛ ተደርጋ የተሣለች ገጸ ባሕርይ የ14 ዓመት ልጅን «እርስዎ» ስትል የቀበሌ ማስታወቂያ ትመስላለች።

ከአጠራሩ የሚብሰው ይዘቱ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት፣ ኬንያ በ2019 ለ10 ዓመት ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት መስጠት ጀምረዋል። ክትባቱ በደረሰባቸው ብዙ ቦታዎች «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬም ደርሷል። ወሬው ሐሰት ነው። ሆኖም ልጅቷ «ሐሰት» የሚለውን ነክታ አሥር ነጥብ ብታገኝ ምን ይፈይድላታል? ወሬውን የነገረቻት አያቷ ናት። የሚያስፈልጋት አያቷን ሳታዋርድ የምትመልስበት ቃል ነው፤ ለአያቷ በ«እርስዎ»፣ ለምትፈራው ጓደኛዋ በ«አንቺ»፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደግሞ ሳታፍር የምትጠይቅበት። አማርኛ ለተርጓሚ ችግር የሚሆንበት ይኸው የአጠራር ልዩነት ለጨዋታ ሠሪ ግን የተዘጋጀ ሀብት ነው፤ ለማን፣ እንዴት፣ በምን አንደበት መናገር እንደሚገባ መምረጥ ራሱ ጨዋታ ይሆናልና።

በጀት የለም የሚል መልስ ይሰማል። ለልጃገረዶች ብቻ በተሠራ ጨዋታ ውስጥ «ምረጪ» ከ«ምረጥ» በዋጋ አይበልጥም። የአያትና የልጅ ልጅ ንግግር የሚጽፍ ሰው ግን ያስከፍላል፤ መጠራት ያለበትም ሥዕሉ ከመሣሉ በፊት ነው። ሠንጠረዡ ተርጓሚው ዘንድ ሲደርስ ለአያትየዋ የተተወ አንድም መስመር አይገኝበትም።