አሮጌ ሞተርን ስለ መመርመርና በቤት ግቢ ስለ ማደስ

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ከዚህ ቀደም ስለ ጎተራ አያያዝና ስለ መጠጥ ውሃ ንጽሕና ጥቂት ቃል አቅርበን ነበር። ዛሬ ደግሞ በብዙ አባወራ ግቢ የሚገኘውን፥ ነገር ግን ከጎተራውም ከጓዳውም ያነሰ ጥንቃቄ የሚደረግለትን የአሮጌ መኪና ሞተር ነገር ልናነሣ ወደድን። ክቡራን አንባብያን፥ «ይህ የመካኒክ ሥራ እንጂ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነውን?» ብለው ይጠይቁን ይሆናል። ነገር ግን በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ መኪና ማለት ሰሊጥ ማጓጓዣ፥ በሽተኛ ማድረሻ፥ ዕዳም መክፈያ ነው። ስለዚህ የሞተር መጥፋት የቤት መናጋት መሆኑን በራሳችን ቤት አይተነዋል።

በእጅ መሥራት ለክብር ሰው አይገባም የሚል ሐሳብ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ይሁን እንጂ የቋራው ሰው ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የብረት ሥራ አቋቁመው፥ ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ አሠርተው በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ማስጎተታቸው የታወቀ ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዚያው ዓመት ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። የሞተር ነገር የጦርነትን ዕድል እንኳ እንደሚለውጥ መተማ ራሷ ምስክር ናት። በ1933 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ የእንግሊዝ ጦር ጋላባትን ይዞ መተማን ሊወጋ በተነሣ ጊዜ፥ ከታንኮቹ አብዛኞቹ በፈንጂና በመካኒክ ብልሽት ቆመው ቀሩ። ይህም ከአየር ድብደባው ጋር ተደምሮ ጦሩ መተማን ሳይዝ እንዲመለስ አደረገው።

ዛሬ ነገሩ ይልቁን የሚያሳስበው ስለ ዋጋው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለሆነም በግቢያችን ያለው አሮጌ ሞተር የማይተካ ዕቃ ወደ መሆን ተቃርቧል፤ ማደስን ማወቅም ከቍጠባ አልፎ ግዴታ ሆኗል።

እንግዲህ አሮጌ ሞተር የሚገዛ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ የሚመለከታቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፤ ወረቀቱን ይይ። በሞተሩ ላይ የተመታው ቍጥር ከሻጩ ሰነድ ጋር መስማማቱን፥ ከድንበር ማዶ የመጣ ከሆነም የጉምሩክ ወረቀት እንዳለው ያረጋግጥ። የሞተር ቍጥር በሊብሬው ላይ የሚጻፍ ስለ ሆነ፥ ወረቀት የሌለው ሞተር ምንም ያህል ደኅና ቢሆን የክስ ምንጭ ነው።

ሁለተኛ፤ አዲስ ቀለም አያታልለው። ታጥቦና ተቀብቶ የቀረበ ሞተር ዘይት የሚያፈስበትን ቦታ ሰውሮ ሊሆን ይችላል። የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ሲመለከት ወተት የመሰለ አረፋ ካገኘ፥ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል ማለት ነው። ከኮፓው ጥቂት ዘይት ቀድቶ በነጭ ሳሕን ላይ ያፍስሰው፤ የመዳብ ቀለም ያለው ብልጭልጭ ከታየበት ብሮንዚኑ ተበልቷል።

ሦስተኛ፤ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ያስለካ። በዚህ ረገድ የአገራችን ሰው ብዙ ጊዜ የማያስበው አንድ ነገር አለ። ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን መተማ በ700 ሜትር አካባቢ ናት። በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ያው አንድ ሞተር ጎንደር ላይ ሲለካ መተማ ላይ ከሚያሳየው በመቶ 15 ያህል ያነሰ ያሳያል። ስለዚህ የጎንደሩን ልክ ከመተማው ጋር ማወዳደር ስሕተት ነው። ዋናው ነገር ሲሊንደሮቹ እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ በመቶ ከ10 በላይ ዝቅ ካለ ምክንያቱ ይመርመር። ሞተሩ የቤንዚን ከሆነ በዚያ ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ጨምሮ እንደገና ይለካ። ግፊቱ ከጨመረ ፋሻው አልቋል፤ ካልጨመረ ግን ጉድለቱ ከቫልቩ ወይም ከጓርኒሲዮኑ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ሰሊጡ በጆንያ ገብቶ ለገበያ በሚሰናዳበት ወራት፥ የፒካፓችን ሞተር ቆመ። ሰሊጡን በቶሎ ጎንደር ካላደረስን ለአበዳሪያችን እርሱ በሚቈርጠው ዋጋ ልንሰጠው ነበር፤ የልጃችንም የትምህርት ቤት ገንዘብ በዚያው ሰሊጥ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከአንድ ነጋዴ አሮጌ ሞተር ገዝተን በግቢያችን ዳስ ሥር ልናድሰው ጀመርን። ልጃችን ደብተር ይዛ የተፈታውን ሁሉ በተራ ትጽፍ ነበር፤ እያንዳንዱ ቡሎን ከየት እንደ ወጣ፥ የዋናው ዘንግ አምስቱ መያዣዎችም የትኛው ከፊት የትኛው ከኋላ እንደ ሆኑ በቍጥር መዘገበች።

በምንገጥምበት ማታ ልጅቱ፥ «አባዬ፥ እኔ 2 ብዬ የጻፍሁት መያዣ ከፊት ሁለተኛው ነበር፤ አሁን ግን በሦስተኛው ቦታ አየዋለሁ» አለችን። እኛም፥ «ልጄ፥ ይህ የአንቺ ሥራ አይደለም፤ መብራቱን ብቻ አቅኚልን» አልናት። ዘንጉ በእጅ ሲዞር እንደሚይዝ ተሰምቶን ነበር፤ ነገር ግን፥ «ብሮንዚኑ አዲስ ስለ ሆነ ነው» ብለን አለፍነው። ባለቤታችንም፥ «በጆንያ ያለ ሰሊጥ አንድ ሳምንት ቢቆይ አይበላሽም፤ ሞተሩ ግን ሁለተኛ አይገዛም» ብለው መክረውን ነበር፤ አልሰማናቸውም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆነ። ከነጋዴ ባሕር በላይ ባለው አቀበት ላይ ሞተሩ አንቃሎ ቀጥ አለ። ሰሊጡን በጨለማ በመንገድ ዳር ስንጠብቅ አደርን፤ በነጋታውም ለሌላ መኪና ከፍለን አስጫንነው። ከዋጋው የተረፈን ዕዳውን ለመክፈል እንጂ ለትምህርት ቤቱ አልበቃም፤ ልጃችንም በዚያ ወራት ሦስት ሳምንት ከትምህርቷ ቀረች።

የስሕተቱ ምክንያት እነሆ። የዘንግ መያዣዎች በፋብሪካ ከአካሉ ጋር በአንድነት ተገጥመው ስለሚሰረሰሩ፥ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ቀዳዳው ልክ አይሆንም። በዘንጉና በብሮንዚኑ መካከል ያለው ክፍተት በብዙ ሞተር ከ0.03 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር፥ ማለትም ከአንድ የጠጕር ዘለላ ውፍረት ያነሰ ነው። በዚያ ክፍተት ዘይት ካልቆመ ብረት ብረትን ይበላል።

በሁለተኛው ጊዜ ግን ሥራውን በሥርዐት ያዝነው። ዘንጉን ጎንደር ልከን ቶርኖ ቤት አስሞረድነው፤ የተሞረደው ዘንግ በ0.25 ሚሊ ሜትር ስለ ቀጠነ በዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዚን ተገዛለት። እያንዳንዱን መያዣ ባጠበቅን ቍጥር ዘንጉን በእጅ እያዞርን፥ በነፃ ካልዞረ ወደሚቀጥለው ላለመሄድ ወሰንን። ፋሻውን ብቻውን በሲሊንደሩ ውስጥ አግብተን የጫፎቹን ክፍተት ለካን፤ ስፋቱ 90 ሚሊ ሜትር ለሚያህል ሲሊንደር 0.35 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል። ክፍተቱ ከሚገባው ቢጠብ ብረቱ በሙቀት ሲረዝም ጫፎቹ ተጋጭተው ሲሊንደሩን ይቧጥጣሉ። የቴስታታውን ገጽ በቀጥታ ብረት መዘንን፤ ከ0.10 ሚሊ ሜትር በላይ ከተጣመመ ብዙ ጊዜ መላግ ያስፈልገዋል። የቴስታታውን ቡሎኖች ከመካከል ወደ ዳር፥ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት ዙር፥ ኀይል በሚለካ ቁልፍ አጠበቅናቸው።

የቆላው አቧራ የሞተር ዋና ጠላት ነው። ስለዚህ ወለሉን ውሃ አርከፍክፈን፥ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ብቻ እንገጥም ነበር። መሸፈኛ አጥተን አጎበሩን ልንወስድ ብንል ባለቤታችን፥ «ወባ ባለበት አገር የልጆች አጎበር ለብረት አይለበስም» ብለው ከለከሉን፤ እውነታቸውንም ነበር። ጋቢም አይሆንም፤ የሚረግፈው ጥጥ የዘይቱን ቀጭን መንገድ ይዘጋል። በመጨረሻ ታጥቦ የደረቀ ጠንካራ የአልጋ ልብስ ሰጡን።

ከቤት የማይሠራ ሥራ እንዳለም ማወቅ ይገባል። ዘንግ መሞረድ፥ ሲሊንደር ማስፋት፥ ቴስታታ መላግ የባለ መሣሪያ ሥራ ነው። መፍታት፥ ማጠብ፥ መለካትና መግጠም ግን ትዕግሥት ላለው ቤት ይቻላል። ደግሞም ሞተር በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አይንጠልጠል፤ አራት ሲሊንደር ያለው የናፍጣ ሞተር 200 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ይመዝናልና። ዕቃ በቤንዚን አይታጠብ፤ ይልቁንም ማድ ቤት አጠገብ። የተቃጠለ ዘይትም በጀሪካን ይጠራቀም እንጂ ወደ ጓንግ በሚወርድ ፈሳሽ አይደፋ።

ተገጥሞ ባለቀ ጊዜ ናፍጣው እንዳይገባ ዘግተን፥ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ ብቻ አዞርነው። ይህም ዘይቱ ከእሳቱ ቀድሞ ወደ ብሮንዚኑ እንዲደርስ ነው። ከዚያ በኋላ አስነሣነው። ከ1000 ኪሎ ሜትር በፊትም ዘይቱን ለወጥን፤ በአዲስ ፋሻና ብሮንዚን መተሻሸት የሚወጣው የብረት ብናኝ በመጀመሪያው ዘይት ውስጥ ስለሚቀር ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍነው አንባብያን መካኒክ እንዲሆኑ ብለን አይደለም። ገንዘብ ለሚያወጣበት ነገር የሚጠይቀውን የሚያውቅ አባወራ በቀላሉ አይታለልም፤ በራሱ ቤት የሚነገረውን የሚሰማም ሁለት ጊዜ አይከፍልም። እኛ ያጠፋነው ባለማወቅ አልነበረም። ትክክለኛው ቍጥር በልጃችን ደብተር ተጽፎ ሳለ፥ ከልጅ ለመማር አፍረን ነው። ያን ቀን ያልጠየቅናትን ይቅርታ በኋላ ጠየቅናት። ደብተሩም ዛሬ ከሊብሬው ጋር በአንድ ሣጥን ተቀምጧል፤ ሞተሩ በተከፈተ ቍጥርም አስቀድማ የምታነብልን እርሷ ናት።

በሚመጣው ሳምንት በቆላ ሙቀት ራዲያተር እንዴት እንደሚጠበቅ እናቀርባለን።