የጭልፋ ባለቤቷ የሕይወት ታሪክ

በከተማ ክርስቲያኖች የቀብር ሥርዓት ላይ የሚነበበው «የሕይወት ታሪክ»፣ ማለትም የሟችን ልደት፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳርና የመጨረሻ ሕመም በአንድ ገጽ አጠቃሎ ለቀባሪው የሚያሰማው አጭር ጽሑፍ፣ የታወቀ አካሄድ አለው። ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ ብሎ ይጀምራል፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ብሎ ይቀጥላል፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ብሎ ወደ መጨረሻው ይደርሳል። ሟቹ ሹም፣ መኮንን ወይም መምህር እንደሆነ የሠራበት መሥሪያ ቤት፣ የደረሰበት ማዕረግና ያገለገለበት ዘመን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሟቿ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሲያበስሉ የኖሩ እናት ሲሆኑ ግን የሥራ ዘመናቸው «በተለያዩ ሥራዎች ተሰማርተው ልጆቻቸውን ለቁም ነገር አበቁ» በሚል አንድ ሐረግ ይታለፍና ጽሑፉ ወደ ደግነታቸውና ወደ እንግዳ ተቀባይነታቸው ይሻገራል።

ይህ ከፍቅር ማነስ የሚመጣ አይደለም። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ እጁ የሚጽፍለት የእኅት ወይም የወንድም ልጅ ሲሆን፣ የሚጽፈውም ለቅሶ በተቀመጡ ሰዎች መካከል፣ የእድሩ ድንኳን እየተተከለና ሬሳው የሚወጣበት ሰዓት እየተቆጠረ በአንዲት ሌሊት ነው። የሚያውቀውን ይጽፋል፤ የማያውቀውን ደግሞ ሁሉም ሲለው የሰማው ሐረግ ይሞላለታል። ጥያቄው ታዲያ አንድ ቤተሰብ የእናቱን የሥራ ዘመን ሳያውቅ እንዴት ሊቀብራት ቻለ የሚለው ነው፤ መልሱም ሥራው ራሱ፣ በሠሪዋም በቤተሰቧም በአሠሪዋም ዘንድ፣ የቤት ውስጥ ድካም ቅጥያ ተደርጎ መታየቱ ነው።

ነገሩን በሚገባ ለመመዘን የትምህርት ቤት ምገባ፣ ይኸውም ተማሪዎችን በትምህርት ሰዓት ቁርስ ወይም ምሳ የማብላት ሥራ፣ ምን እንዳመጣ ማየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ይህን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 በድርቅ በተጠቁና በምግብ ራሳቸውን ባልቻሉ አካባቢዎች ሲሆን፣ በዋና ከተማዋ ግን ጉዳዩ ለረጅም ጊዜ የገጠር ችግር ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። በክፍል ውስጥ ተዝለፍልፈው የሚወድቁ፣ ባዶ ምሳ ዕቃ በቦርሳቸው ይዘው መጥተው በምሳ ሰዓት ከጓደኞቻቸው የሚሸሹ ሕፃናት ወሬ በመገናኛ ብዙኃን ከተሰማ በኋላ በመጀመሪያ በጎ አድራጊዎች እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም የትምህርት ዘመን ጀምሮ ምገባውን በራሱ በጀት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስፋፋ። ሥራው የራሱ ኤጀንሲ ተቋቁሞለታል፤ እ.ኤ.አ. በ2022ም ከተማዋ በምግብ ፖሊሲ ዙሪያ የዓለም ከተሞች የሚወዳደሩበትን የሚላን ስምምነት ሽልማት አግኝታበታለች። ሽልማቱን ተቀብለው የተመለሱት ባለሥልጣናት ናቸው። ምግቡን የሚያበስሉት ከ10 ሺህ በላይ የሆኑት፣ አብዛኞቹም ልጆቻቸው በእነዚያው ትምህርት ቤቶች የሚማሩላቸው ድሃ እናቶች፣ በዚያን ዕለትም እንደ ወትሯቸው ምድጃ ሥር ነበሩ።

የእነዚህ እናቶች ቀን የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ ነው። ቁርስ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት መድረስ ስላለበት ሻዩ የሚጣደው፣ ቅንጬው ወይም ፍርፍሩ የሚሰናዳው ተማሪው ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ ነው፤ ቁርሱ ተበልቶ ዕቃው ሳይደርቅ ደግሞ የምሳው ሽንኩርት ይከተፋል። ከቤት ወጥ ጋር ሥራው አንድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። የቤት ድስት የሚቀመሰው በአንድ ጣት ሲሆን፣ ለብዙ መቶ ሕፃናት የሚጣደው ብረት ድስት ግን በሁለት እጅ በሚያዝ ማማሰያ ካልተማሰለ ሽሮው ከታች ያራል፣ ጨውም አንዱ ጋ በዝቶ ሌላው ጋ ይጠፋል። ምስር ወጥ ሲቀመጥ ፍሬው ይዘቅጣል፤ ስለዚህ ጭልፋ የያዘችው ሴት በየተራው ከሥር እያማሰለች ካላወጣች ከሰልፉ ፊት የቆመው ልጅ መረቅ፣ ከሰልፉ ጀርባ ያለው ደግሞ ፍሬ ብቻ ይደርሰዋል፣ ወይም ጨርሶ ምንም አይደርሰውም። ሰልፉ ውስጥ የራሷ ልጅ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱም ጭልፋው ያው ጭልፋ መሆን አለበት፤ አንዲት ጭልፋ ለልጇ ብታበዛ በማግስቱ ግቢው ሁሉ ያወራዋል። በተቃራኒው ደግሞ ሳህኑን ይዞ ሁለተኛ የሚሰለፈው ሕፃን ስግብግብ ይሁን ማታ ቤቱ የሚበላው የሌለው ይሁን የምታውቀው እርሷ ናት፤ ከክፍል ኃላፊ መምህሩም ቀድማ የምታውቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን እውቀት የሚመዘግብ ቅጽ የለም።

የወጥ ሠሪዋ ቦታ ምን ያህል የሕይወት ጉዳይ እንደሆነ በሕንድ የደረሰ አንድ አደጋ በግልጽ አሳይቷል። በቢሃር ግዛት ሳራን በተባለው አውራጃ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013፣ ፀረ ተባይ መርዝ የተቀላቀለበት ምሳ የበሉ 23 ሕፃናት በአንድ የመንደር ትምህርት ቤት ሕይወታቸው አልፏል። በወቅቱ እንደተዘገበው በዘይቱ ላይ ጥርጣሬዋን አስቀድማ የተናገረችው ወጥ ሠሪዋ ነበረች፤ የሰማት ግን አልነበረም፤ ምግቡን የቀመሰችው እርሷም ታማ ሆስፒታል ገብታለች። በዚያች አገር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ባስተላለፈው ትእዛዝ መሠረት የበሰለ ምሳ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲቀርብ ሲደረግ፣ የሚያበስሉት ሴቶች ቁጥራቸው ወደ 2.5 ሚሊዮን ቢደርስም በማዕከላዊ መንግሥቱ ደንብ «ደመወዝ» ሳይሆን አበል፣ ማለትም የምስጋና ክፍያ፣ እንዲሰጣቸው ተወሰነ፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በወር 1,000 ሩፒ፣ ያውም በዓመት ለ10 ወራት ብቻ ሆኖ ቆይቷል። የእናትነት ፍቅር ነው የሚያሠራቸው የሚለው ሐሳብ በሕግ ሲጻፍ ይህን ይመስላል። ምስጋናው ክፍያውን ለማሳነስ ሰበብ ሆኗል።

ወደ አገር ቤት ሲመለሱም ጉዳዩ ብዙ የተለየ አይደለም። በማገዶ በሚያበስሉ ወጥ ቤቶች የሚሠሩ ሴቶች ለዓመታት የሚስቡት ጭስ ተራ ነገር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከማብሰያ ማገዶና ከሰል የሚወጣው የቤት ውስጥ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ለሚሆን ሞት ምክንያት እንደሆነ ይገምታል። በሕይወት ታሪኩ ላይ «ባደረባቸው ሕመም» ተብሎ የሚጠራው ሳልና የትንፋሽ ማጠር፣ ወገብና ጉልበትም ጭምር፣ ብዙ ጊዜ ከዚያው ምድጃ የመጣ የሥራ ጉዳት ነው። ጡረታም እንዲሁ ነው፤ በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ነገር ግን መዋጮው እንዲኖር በመጀመሪያ አሠሪና ሠራተኛ ተብሎ የተጻፈ ግንኙነት መኖር አለበት። በማኅበር ተደራጅታ ወይም በቃል ስምምነት የምታበስል እናት ይህ ግንኙነት ካልተጻፈላት፣ 15 ዓመት ሠርታ ብትወጣ እንኳ ወረቀት ላይ ሠርታ አታውቅም። የቀብሯ ጸሐፊ «በተለያዩ ሥራዎች» ብሎ ማለፉ እንግዲህ የእርሱ ፈጠራ አይደለም፤ መዝገቡ ያስተማረውን ደገመ እንጂ።

እዚህ ላይ ሊነሳ የሚችል ተቃውሞ አለ፤ ልጆቿ ሊያስታውሱ የሚፈልጉት እናታቸውን እንጂ ሠራተኛዋን አይደለም ይባል ይሆናል። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም ሁለቱን ሰዎች መነጣጠል አይቻልም። ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ቤቷን ለቅቃ ለሰው ልጅ ቁርስ የምታሰናዳ እናት የራሷን ልጆች ታናሹን በታላቁ እያስጠበቀች ነው የምትወጣው፤ ማታ ስትመለስ ነጠላዋ የሚሸተው ሽንኩርትና ጭስ፣ ልጆቿ ደብተር የገዙበት ገንዘብ ሽታ ነው። ለልጆቿ ያሳየችው ትጋት በሌሎች ሰዎች ልጆች ላይ በየቀኑ የተፈጸመ በመሆኑ፣ ሥራዋን ከታሪኳ የሚያወጣ ሰው እናትነቷንም ግማሽ አድርጎ ነው የሚያነበው። በዚህ ረገድ ከቀደመው ልቅሶ የሚወረስ ነገር አለ፤ የድሮ አልቃሽ፣ ሙያዋ ሟችን በግጥም ማወደስ የሆነው ሴት፣ ለአርበኛው የዋለበትን የጦር ሜዳ በስሙ ትጠራለት ነበር። ለወጥ ሠሪዋም የዋለችበት ቦታ ስም አለው።

የእናቱን ወይም የአክስቱን የሕይወት ታሪክ የሚያዘጋጅ ሰው እንግዲህ በዚያች አጭር ሌሊት ሁለት ስልክ ይደውል፤ አንዱን ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ ሌላውን አብራት ስታበስል ለኖረች ባልደረባዋ። የትምህርት ቤቱን ስም፣ ሥራ የጀመረችበትንና ያቆመችበትን ዓመተ ምሕረት፣ በቀን ለስንት ልጅ ታበስል እንደነበር፣ ምን ዓይነት ወጥ ይወደድላት እንደነበር ጠይቆ፣ ልክ እንደ ሹሙ የሥራ ዘመን አንድ በአንድ ይጻፈው። ትምህርት ቤቶችም እናቶቹ በሕይወት ሳሉ ይህንኑ በፋይል ያስቀምጡ፤ ነገ ለጡረታና ለሕክምና ጥያቄ ማስረጃ የሚሆነው ያው ወረቀት ነው።