ከበባ ነው ወይስ ማስራብ?

መንገድ በተዘጋ ቁጥር «ከበባ የጦርነት ስልት ነው» እያላችሁ የምታጨበጭቡ ወገኖቼ፣ እስቲ አንዴ ሐርቡ መጥታችሁ አስፋልቱ ዳር ቁሙ። የደሴ ዱቄት፣ ነዳጅና መድኃኒት በዋናነት የሚመጣው ከአዲስ አበባ በከሚሴና በሐርቡ፣ ከጅቡቲ ደግሞ በሚሌና በባቲ አድርጎ ነው። ሁለቱን መንገድ የዘጋ ሰው አንድ ጥይት ሳይተኩስ ከተማውን አንቆ ይይዛል።

ከበባ አዲስ ነገር አይደለም። በ1888 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ምክር የመቀሌው ምሽግ የውሃ ምንጭ ተይዞ የጣልያኑ ሻለቃ ጋሊያኖ በጥማት ምሽጉን ለቅቋል። ልብ በሉ፤ የተጠማው ጦር ነው። ጦር ሲመረው እጁን ይሰጣል ወይም ምሽጉን ይለቃል፣ ከበባውም ያበቃል። የአምስት ዓመት ሕፃንስ? ምኑን ነው የሚያስረክበው?

«ስንቅ ለጠላት እንዳይደርስ ነው» ትሉኛላችሁ። በተዘጋ ከተማ መጨረሻ የሚራበው ጠመንጃ የያዘው ነው! ኮምቦልቻን ጠይቁ። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ የእርዳታ እህል መዘረፉን የተባበሩት መንግሥታት አስታውቆ፣ በኮምቦልቻና በደሴ የምግብ እደላ ቆመ። ጦሙን ያደረው ማን ነበር?

በዚያው ዓመት ትግራይ ውስጥ ባንክ፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ፣ ነዳጅና መድኃኒት እንደ ልብ አይገባም ነበር። ስለ ኮምቦልቻ ከጮኸው ብዙው ስለ መቀሌ ዝም አለ። ስለ መቀሌ ከጮኸውም ብዙው ስለ ኮምቦልቻ ዝም አለ። እኔም ድምፄ የሚገባውን ያህል አልተሰማም።

ሕጉ ግልጽ ነው። የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 14 በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ሲቪሎችን ማስራብን እንደ ውጊያ ስልት መጠቀም ይከለክላል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1994 ተቀብላዋለች። መንግሥትንም አማፂንም ያስራል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተራው የአማራ ክልል ሆነ። ፋኖ መንገድ ዘጋ፣ መንግሥት ኢንተርኔት ቆረጠ። ሁለቱም «ለሕዝቡ ስንል ነው» ይላሉ። ምጥ የያዛት እናት ሆስፒታል ሳትደርስ ስትቀር ለየትኛው ሕዝብ ነው?

ጦርን መክበብ ውጊያ ነው። ሕዝብን መክበብ ግን ማስራብ ነው፤ የኛ ወገን ሲያደርገውም ስሙ አይለወጥም። መንገድ ሲዘጋ ማን እንደዘጋው ከመጠየቃችን በፊት ማን እንደተራበ እንጠይቅ።